ለመጀመሪያዋ ድሪፍት መኪናህ

ልጄ፣ በሪሞት የምትነዳ ድሪፍት መኪና ልትገዛ እንደተነሳህ ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። መልካም ነገር ነው የተመኘኸው። እጅ ያሠለጥናል፣ ትዕግሥት ያስተምራል፣ ካቻቢቴ ጨብጦ የማያውቀውን ልጅ ከብሎን ጋር ያስተዋውቃል። የምሰጋልህ ጥድፊያህን ነው። አንድ ቪዲዮ አይተህ፣ ቀለሟ ማርኮህ፣ ዓይንህ ያረፈባትን የመጀመሪያዋን መኪና እዚያው ልታዝ እንደምትችል አውቃለሁ። ከእነዚህ ትንንሽ መኪኖች ጋር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ስንቱ ጀምሮ እንደጸና፣ ስንቱ በወሩ ሰልችቶት መደርደሪያ ላይ እንደሰቀላት አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የሚለያያቸው የመጀመሪያው ግዢ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስህ ሳይወጣ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

1. ከመኪናዋ በፊት ወለሉን ምረጥ። የት ነው የምትነዳት? ይህን ሳትመልስ ምንም አትግዛ። ድሪፍት ማለት ጎማው ወለሉን እየለቀቀ ሲንሸራተት አንተ አቅጣጫህን ሳትለቅ መሄድ ነው፤ ስለዚህ የመኪናዋ ጠባይ ግማሹ የሚመጣው ከወለሉ ነው። ምንጣፍ ላይ የተስተካከለች መኪና ለስላሳ ኮንክሪት ላይ ስትወጣ ሌላ መኪና ትሆንብሃለች። በአቅራቢያህ ክለብ ካለ መጀመሪያ ባዶ እጅህን ሂድ። ጥግ ይዘህ ቁጭ በልና እይ። ወለሉ ምንድን ነው? ሰዎቹ በብዛት የያዙት የትኛውን መኪና ነው? የሚፈቀደው የትኛው ጎማ ነው? ብዙ ክለቦች ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጎማ እንዲገጥም ያስገድዳሉ፤ ሁለት መኪኖች ተጠጋግተው ሲንሸራተቱ አንደኛዋ ከሌላዋ በላይ ወለል የምትጨብጥ ከሆነ አብሮ መሄድ አይቻልምና። ክለብ ከሌለህ ደግሞ በእጅህ ያለውን ወለል ተመልከት። ሀገር ቤት ላለ ልጅ ሊሾ ወለል ከአስፋልት በብዙ ይሻላል። አስፋልት ጎማውን ይበላዋል፣ አሸዋውና አቧራው ደግሞ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ይፈጨዋል።

2. መጠኗን በቦታህ ልክ አድርግ። የድሪፍት ዓለም በብዛት የሚጫወተው የእውነተኛዋን መኪና አንድ አሥረኛ (1/10) በምታክለው ነው። ርዝመቷ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወርዷ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መለዋወጫው፣ ጎማው፣ ቦዲው፣ ክለቡ ሁሉ የተሠራው ለእሷ ነው። አንድ ሃያ ስምንተኛ (1/28) የምታክለዋ፣ ለምሳሌ የኪዮሾ ሚኒ-ዚ፣ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነች ሳሎን ውስጥ ትዞራለች። ከቤት ውጭ ቦታ ለሌለው ሰው ጥሩ ናት። ነገር ግን መኪና ባነሰች ቁጥር ነገሯ ሁሉ ይፈጥናል፤ ስሕተትህን ሳታየው ታልፋለች፣ ብሎኗም ከጣትህ ሾልኮ ይጠፋል። ቦታ ካለህ 1/10ኛዋን ያዝ።

3. የኋላ ጎማዋ ብቻ የሚነዳትን ግዛ። ይህ ላይ ሰው ብዙ ይከራከርሃልና ታሪኩን ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ እነዚህ መኪኖች በአራቱም ጎማ የሚነዱ የእሽቅድድም መኪኖች ነበሩ፤ ሰው ለስላሳውን ጎማ አውልቆ ጠንካራ ፕላስቲክ ገጠመላቸውና መንሸራተት ጀመሩ። የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ቀለበት አድርጎ ቆርጦ ጎማው ላይ የሚያለብስም ነበር። ለመንዳት ቀላል ነበሩ፤ ኋላዋ ሲያመልጥህ ነዳጅ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል፣ ስትጨምር የፊት ጎማዎቹ ራሳቸው ጎትተው ያወጡሃል። ግን አነዳዱ ከእውነተኛው ድሪፍት ይርቅ ነበር፤ የፊት ጎማዎቹ ወደ ተንሸራተተችበት አቅጣጫ ሳይዞሩ መኪናዋ ትንሸራተታለች። ይህን ለማረም የኋላው ጎማ ከፊቱ ፈጥኖ እንዲዞር ማርሹን መቀየር መጣ። ከዚያ በኋላ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳቸው መኪኖች ከጋይሮ ጋር (ምንነቱን በ4ኛው ላይ እነግርሃለሁ) መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አካባቢ የጃፓኑ ዮኮሞ ዋይዲ-2 የተባለችውን መኪናውን ሲያወጣ ነገሩ ለተራው ሰው ቀረበ።

ዛሬ አብዛኛው ክለብ የሚነዳው የኋላ ጎማ የሚነዳትን ነው። የታሚያ ቲቲ-02ዲ በአራት ጎማ የምትነዳ ጠንካራና ርካሽ መኪና ናት፤ ብቻህን በግቢህ ልትጫወት ከሆነ አትጎዳህም። ከሰው ጋር ልትነዳ ከሆነ ግን እጅህ በመጀመሪያ የሚለምደው ኋላ የሚተወው ነገር እንዲሆን አልፈልግም። በአራት ጎማ የለመደ እጅ ጭንቅ ሲመጣ ነዳጅ ይሰጣል። የኋላ ጎማ በሚነዳት መኪና ላይ ያው ነዳጅ ዙሪያዋን ያዞራታል። ያንን ልማድ ለመንቀል ከአዲስ ጀማሪው ይልቅ የለመደው ሲቸገር አይቻለሁ።

4. ጋይሮ የሌላትን አትግዛ፤ ለጋይሮው ደግሞ ፈጣን ሰርቮ ስጠው። ጋይሮ መኪናዋ በምን ፍጥነት እየዞረች እንደሆነ የሚለካ ትንሽ ሳጥን ነው። ኋላዋ ሲያመልጥ አንተ ሳታስበው የፊት ጎማዎቹን ወደ ሸሸችበት አቅጣጫ ያዞራቸዋል። ‹‹ይህማ ማጭበርበር ነው›› የሚልህ አይጠፋም፤ አትስማው። በእውነተኛ መኪና ኋላው ሲሸሽ መሪው ራሱ መዞር ይጀምራል፣ ሾፌሩም በመዳፉ፣ በወንበሩም ይሰማዋል። አንተ ቆመህ ከሩቅ ስትነዳ ያ ስሜት የለህም። ጋይሮው የሚመልስልህ እሱኑ ነው። አቅጣጫውን፣ ነዳጁን፣ ልኩን የምትወስነው ግን አሁንም አንተ ነህ።

ሰው የሚስተው ሰርቮውን ነው። የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ሰርቮ ዘገምተኛ ከሆነ የጋይሮውን ትእዛዝ አርፍዶ ይፈጽማል፤ መኪናዋም ግራ ቀኝ እያለች ትወዛወዛለች። ዝርዝሩ ላይ 60 ዲግሪ ለመዞር 0.10 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ የሚል ፈልግ። ሰርቮው የሚችለውን ቮልትም አብረህ አንብብ፤ ከሚችለው በላይ የተሰጠው ሰርቮ ይቃጠላል። መኪናዋ እጅህ ስትገባ ደግሞ ሳትነዳት በፊት ይህን ፈትን። መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ መኪናዋን አብራ፤ ጋይሮው ራሱን እስኪያስተካክል አትንካት። ከዚያ ኋላዋን ወደ ግራ ግፋት። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ከዞሩ ልክ ነው። ወደ ቀኝ ከዞሩ ጋይሮው ተገልብጧልና ቅንብሩን ሳትለውጥ ብትነዳት ባለችበት ትሽከረከራለች። ስንት ልጅ ይህን ሳያውቅ መኪናዋን ‹‹ብልሹ ናት›› ብሎ መልሷል! የጋይሮው ኃይል ሲበዛ የፊት ጎማዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲያንስ ኋላዋ ያመልጥሃል። እስኪንቀጠቀጡ ጨምርና ትንሽ መልሰው።

5. ዋጋ ስታነጻጽር ሙሉውን ደምር። ተገጣጥማ የምትመጣ አለች፣ በክፍልፋይ የምትመጣ ኪትም አለች። ኪቷ ርካሽ መስላ ትታይሃለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሻንሲዋን ብቻ ነው የገዛኸው። ሞተር፣ የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ሰርቮ፣ ጋይሮ፣ ሪሞት፣ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ አንዳንዴ ጎማና ቦዲ ሳይቀር ለየብቻ ይገዛል። ሲደመር ከሻንሲው ዋጋ ይበልጣል። አጠገብህ የሚያሳይህ ሰው ካለ ኪት ግዛ፤ በገዛ እጁ የገጠማት ሰው ስትሰበር አይደነግጥም። ብቻህን ከሆንክ እንደ ታይዋኑ ኤምኤስቲ አርኤምኤክስ ያለች፣ ጋይሮዋ ውስጧ ተገጥሞ የምትመጣ ያዝ። በዝግጁዋ ብትጀምር ማንም አይንቅህም።

6. መለዋወጫዋ የሚገኝላትን ብቻ ግዛ። ትሰበራለች፤ ይህን ዛሬውኑ ተቀበል። የፊት እጆቿና የፊት ጎማ መያዣዎቿ ግድግዳ በመታህ ቁጥር ይጎዳሉ። ከመግዛትህ በፊት የእነዚያን ዕቃዎች ስም ጽፈህ የት እንደሚሸጡና በስንት ቀን እንደሚደርሱህ አጣራ። መልስ ካጣህ መኪናዋ የቱንም ያህል ብታምር ተዋት። ክለብ ካለህ ሥራው ይበልጥ ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ የያዙትን ዓይነት ያዝ። የዮኮሞ መንጋ ውስጥ ዮኮሞ የያዘ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ብሎን ብትጠፋው ከጎኑ ይሰጡታል፣ ቅንብሩንም ያስተካክሉለታል።

7. ፍጥነት አትግዛ። ለምን እንደሆነ ከታሪኩ ታየዋለህ፤ ድሪፍት የተወለደው ጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የውድድር መኪናውን ኩርባው ላይ እያንሸራተተ ሲያልፍ ያየው ሁሉ ተደነቀ። የውድድር ሾፌሩ ኬይቺ ትሱቺያ ያንን አነዳድ ወደ ተራራ መንገድ ወሰደው፤ በ1987 ‹‹ፕለስፓይ›› በተባለ ቪዲዮም አሳየው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ዲ-ዋን ግራንድ ፕሪ ሲጀመር ድሪፍት የራሱ የባለሙያዎች ውድድር አገኘ፤ በዚያ ውድድር ከሚመዘኑት ውስጥ የተሄደበት መሥመር፣ የተንሸራተተበት ማዕዘንና የአነዳዱ ውበት ይገኙበታል። ቀድሞ የገባ አይደለም የሚሸለመው። በትንንሾቹም ያው ነው። ሁለት መኪኖች ሲነዱ ኋለኛዋ የፊተኛዋን ጥላ ሳትለቅ መከተሏ ነው ጨዋታው።

ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልግህ ረጋ ያለ ሞተር ነው። በሞተሩ ላይ የተጻፈው የጥምዝ ቁጥር ባነሰ መጠን ሞተሩ ይፈጥናል። በክለብ የተለመደው 10.5 ነው፤ ለጀማሪ 13.5 ከበቂ በላይ ነው። ብረሽለስ የሚባለው፣ ብሩሽ የሌለው ሞተር ከሆነ ሴንሰር ያለውን ምረጥ፤ ቀስ ብሎ ሲነሳ አይንገጫገጭም። ተገጣጥማ የመጣችዋ ብሩሽ ባለው በተራው ብረሽድ ሞተር ብትመጣም አትከፋ፤ እስኪያረጅ ንዳበት። 5.5 ልግዛ ብትለኝ እጅህን ይዤ ነው የምከለክልህ።

8. በባትሪ ላይ ቀልድ የለም። እነዚህ መኪኖች የሚሠሩት በብዛት ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ነው፤ 7.4 ቮልት የሚባለው። ሲሞላ 8.4 ይደርሳል። ሊፖ በአግባቡ ከተያዘ የታመነ ነው፤ ከተበደለ ግን ቤት ያቃጥላል። የሊፖ ቻርጀር ብቻ ተጠቀም፤ ሁለቱን ሴሎች እኩል በሚያደርገው ‹‹ባላንስ›› በሚባለው ቅንብር ሙላ። 4000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ያለውን ባትሪ በ4 አምፔር ሙላ፣ ከዚያ አትለፍ። አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ አትሙላ። እየሞላ ትተኸው አትውጣ፣ አትተኛ። ያበጠውን ባትሪ ‹‹አንዴ ብቻ›› ብለህ አትሰካው። አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች እስኪወርድ አትንዳ። ለሳምንታት የማትነዳት ከሆነ ደግሞ ሞልተህም ጨርሰህም አታስቀምጠው፤ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ይደር። በቤትህ ትንንሽ ልጆች ካሉና ይህን ሁሉ መጠበቅ ከከበደህ የኒኬል ባትሪ ይዘህ ጀምር፤ 7.2 ቮልት ነው፣ ይከብዳል፣ ግን ስሕተትን ይበልጥ ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን አስቀድሜ ነገርኩህ።

የባትሪውን መጠንም ሳትለካ አትዘዝ። የኋላ ጎማ የሚነዳቸው ብዙ ሻንሲዎች አጭሩን ባትሪ ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ረጅሙን ገዝተህ ቦታ ስታጣለት ታዝናለህ። ሶኬቱም ከመቆጣጠሪያው ሶኬት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን እይ።

9. ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልህ ከሆነ ሁለት ነገር ንገረው። አንደኛ፣ ከመኪናዋ ውጭ የያዘው የሊቲየም ባትሪ ሁሉ አብሮት አውሮፕላን ውስጥ የሚገባ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ በሚጫነው ሻንጣ መላክ ክልክል ነው። ጫፎቹ እንዳይነካኩ በፕላስተር ይሸፈኑ። 7.4 ቮልት ባለ 4000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ባትሪ 30 ዋት-ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ ለመንገደኛ ከሚፈቀደው የ100 ዋት-ሰዓት ጣሪያ በታች ነው። ሁለተኛ፣ የቻርጀሩን ጀርባ ያንብብ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የኢትዮጵያን 220 ይችላል። ለጃፓን ገበያ ለ100 ቮልት ብቻ የተሠራውን አዲስ አበባ ላይ ብትሰካው ያኔውኑ ይቃጠላል።

10. ቦዲና ጌጥ ይቆይህ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የኒሳን ሲልቪያም ትሁን የቶዮታ ኤኢ86፣ ቦዲዋ ከውስጥ በኩል የሚቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ የፊት ጥጎቿ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰነጠቃሉ። ያማረውን ቦዲ በመብራትና በተለጣፊ አስጊጠህ ግድግዳ ከምትመታበት፣ ርካሹን ግዛና ከውስጥ ጥጎቹን በመረብ ቴፕና በላስቲክ ማጣበቂያ አጠንክረው። ያማረውን ስድስት ወር አቆየው። ያኔ ይገባሃል።

11. የአሉሚኒየም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት መሣሪያ ግዛ። ጀማሪ ልጅ ሁለት ጊዜ ነድቶ ፕላስቲኳን እየፈታ በሚያብለጨልጭ ብረት ይተካል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ፕላስቲክ ሲመታ ይለጠጣል፣ ወይም ራሱ ተሰብሮ ሌላውን ያድናል። ብረቱ ግን ምቱን ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል። በዚያ ገንዘብ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥሩ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻዎችና 7 ሚሊ ሜትር የጎማ መፍቻ ግዛ። ርካሽ መፍቻ የብሎኑን አናት ያበላሻል፤ አናቱ የተበላሸ ብሎን ደግሞ ሙሉ ከሰዓትህን ይበላል። ብረት በብረት የገባበት ብሎን ላይ የብሎን ሙጫ ጠብ አድርግ፤ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ላይ ግን አታድርግ፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

12. ያገለገለች ስትገዛ ባለቤቱ ፊት ለፊትህ ይንዳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጎማዎቹን በጣትህ እያዞርክ ኩሽኔታው ይንኮራኮር እንደሆነ ስማ፣ የፊት ጎማዎቹን ይዘህ ልፍስፍስ ማለታቸውን ፈትሽ፣ ባትሪውን ከብርሃን አስጠግተህ ማበጡን እይ። ረጋ ያለ እጅ ያላቸው የክለብ ሰዎች የሸጧት መኪና ከአዲስ ልትሻል ትችላለች፤ ቅንብሯ አብሮ ይመጣልና።

13. መኪናዋ ስትደርስ ለብዙ ጊዜ ክብ ብቻ ዙር። መሬት ላይ አንድ ጠርሙስ አቁምና ዙሪያውን ተንሸራተት። ነዳጁን እየቆራረጥክ አትስጥ፤ ትንሽ ሰጥተህ ያዘው፣ በጣትህ ጥቂት ጥቂት ብቻ ጨምርና ቀንስ። በቀኝ ሲሆንልህ ወደ ግራ ዙር፤ ሰው ሁሉ አንዱ ጎን ይቀለዋል፣ ሌላውን ይሸሻል። አንተ የሸሸኸውን ጎን አብዝተህ ሥራ። ሁለቱም እኩል ሲሆኑልህ ጠርሙሱን ሁለት አድርግና ስምንት ቁጥር ጀምር፤ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ስትሻገር መኪናዋ ክብደቷን ከጎን ወደ ጎን ስትጥል ያኔ ድሪፍትን ታውቀዋለህ። በዚህ ጊዜ ቅንብር አትነካካ። መለወጥ ግድ ሲሆንብህ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ምን እንደለወጥክም ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ አለዚያ ወደነበረበት የምትመልስበት መንገድ አይኖርህም።

አሁን መኪናዋን መርጠህ እንደሆነ ሳትከፍል አንድ ቀን አሳድራት። የመኪናዋን፣ የሰርቮዋንና የባትሪዋን ስም ጽፈህ ላክልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ። እስከዚያው በአቅራቢያህ ክለብ ካለ ቅዳሜ ሂድ፣ ሰላም በላቸው፣ ሲነዱም ቆመህ እይ።